ጣት ላይ የሚበራው ቀይ መብራት ምን ያያል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በተራ ብርሃን የሰውነትን ውስጥ ማየት እየቻሉ ነው ብዬ ጥቂት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። እንዲህ ጥያቄ ያዘንባል ብዬ ግን አላሰብኩም። ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከባቲ ጽፋችሁልኛል፤ ደሴ ያላችሁት ደግሞ ፒያሳ ላይ አስቁማችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሁሉን ማስገባት አይቻልም፤ ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። በክረምት ሳል ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ ልጅቱ ቀይ መብራት ያለው መቆንጠጫ ጣቴ ላይ ሰካችና «አባባ፣ ኦክስጅንዎ 94 ነው» አለችኝ። ደም አልወሰደች፣ መርፌ አልወጋች። መብራት ደሜን እንዴት አወቀው? ባለቤቴን ልትለካት ስትል ደግሞ ጣቷ ሂና ነበረበትና ማሽኑ እምቢ አለ።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም፣ አባባ። የርስዎ ጥያቄ የሌሎቹም ሁሉ መነሻ ነውና ከርስዎ ልጀምር። ዛሬ ማታ መብራት ሲጠፋ (እሱስ መች ቸግሮን) የስልክዎን ባትሪ ያብሩና ጣትዎን ላዩ ላይ ይክደኑበት። ጣትዎ ቀይ ሆኖ ይበራል። ብርሃኑ ስጋዎን አልፎ ወጣ ማለት ነው። ነጭ ገብቶ ቀይ የወጣው፣ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደም ስለሚመጠው ነው። ቀዩ ያመልጣል። ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይናችን የማያየውና ኢንፍራሬድ የሚባለው ብርሃን ደግሞ ከቀዩም ጠልቆ ይገባል።

መቆንጠጫው ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ መብራቶች ናቸው። አንዱ ቀይ ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 660 ናኖሜትር። ሌላው ኢንፍራሬድ ነው፣ ወደ 940። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን ግን በርከት አድርጎ ይመጣል። ኦክስጅን ያጣው ደም ተቃራኒውን ያደርጋል። ማሽኑ ከጣቱ ማዶ ከሁለቱ ምን ያህል እንደደረሰው ያነጻጽራል። ግን እኮ ጣት ደም ብቻ አይደለም፤ ቆዳም አጥንትም አለው፤ እነሱም ብርሃን ይመጣሉ። ዘዴው እዚህ ላይ ነው። ልብ በመታ ቁጥር የደም ቧንቧው ትንሽ ያብጣል፣ የሚመጠውም ብርሃን በዚያው ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። ቆዳውና አጥንቱ አይነቃነቁም። ስለዚህ ማሽኑ የማይለዋወጠውን ትቶ ከልብ ጋር የሚመታውን ብቻ ያሰላል። ይህን ያሰበው ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ። ዛሬ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ቀዶ ጥገና ሁሉ ይህ መሣሪያ ከጣት ሊለይ አይገባም።

ሂናው፣ በተለይ ጥቁሩ፣ እንዲሁም ወፍራም የጥፍር ቀለም ብርሃኑን ሊያግድ ይችላል። ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ላይ ይለካላቸው። እጅ በብርድ ሲደነዝዝም ደም በደንብ ስለማይደርሰው ቁጥሩ ይዛባል፤ ማሸትና ማሞቅ ነው። 94 የሚለው ከመቶ ነው፤ ደምዎ መያዝ ከሚችለው ኦክስጅን የያዘው ድርሻ ማለት ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የጤነኛ ሰው ቁጥር ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል። ደሴ ላይ የሚነበበውና ባቲ ላይ የሚነበበው እኩል ላይሆን ይችላል። ያየችዎት የጤና ጣቢያዋ ልጅ ናትና ፍርዱን ለሷ እተዋለሁ።

ነገር ግን አንድ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት መቆንጠጫው ከ92 እስከ 96 ያነበባቸውን ሕሙማን ወስዶ፣ ከደም ቧንቧ በቀጥታ ከተቀዳ ደም ጋር አነጻጸረ። ቁጥራቸው ደህና ከተባሉት ጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶው እውነተኛው ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ነበር። ከነጮቹ ግን 3.6 በመቶ ብቻ። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ራሱ ብርሃን ይመጣል፣ መሣሪያዎቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተስተካከሉት ባመዛኙ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ጉዳዩ ከተነሳ ወዲህ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ አምራቾች በልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ላይ በደንብ እንዲሞክሩ የሚል ረቂቅ መመሪያ በ2025 አውጥቷል። ዘግይቷል። መሣሪያውን ጣሉት እያልኩ አይደለም፣ ስንት ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ቁጥሩ «ደህና ነው» እያለ ሰውየው ሲያጣጥር ካያችሁ፣ ሰውየውን እመኑ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። እናቴ ስኳር አለባት። የዓይን ሐኪሙ «ኦሲቲ ተነስተው ይምጡ» አላት። ጎረቤቶቻችን ጨረር ነው፣ ያለሽንም ዓይን ያጠፋዋል ብለው አስፈራሯት። «ያለችኝን ጭላንጭል አላስነካም» ብላ ቁጭ ብላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ኦሲቲ በብርሃን የሚነሳ የዓይን ውስጥ ምስል ነው፤ ጨረር የለውም በያት። ራጅም አይደለም። እናትሽ አገጯን አሳርፋ አንዲት ነጥብ ትመለከታለች፣ በሴኮንዶች ያልቃል። ዓይኗን የሚነካ ነገር የለም። የሚገባው ደካማ ብርሃን ብቻ ነው፣ አብዛኛውም ለዓይን የማይታይ። ምናልባት ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጉላት ይሆናል። ያ ከሆነ ለተወሰኑ ሰዓታት ይደበዝዛታል፣ ፀሐዩም ይወጋታል፤ ሰው አብሯት ይሂድ። ጎረቤቶቹ «አጠፋት» የሚሉት ምናልባት ይህንን አይተው ነው።

አሁን ደግሞ ለራስሽ። ዓይን ኋላ ላይ ሬቲና የሚባል ስስ ንጣፍ አለ፣ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ። በዚያ ውስጥ ብዙ ድርብርብ ሽፋኖች አሉ። ድሮ እነዚህን ሽፋኖች አንድ በአንድ ለማየት የሞተ ሰው ዓይን ቆርጦ ማይክሮስኮፕ ላይ ማድረግ ነበር ያለው። ኦሲቲ ይህንን ከሕያው ሰው ዓይን፣ ሳይቆርጥ፣ ያሳያል።

እንዴት? ብርሃን ይልካል፣ ከየሽፋኑ ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል። ከጥልቁ የሚመለሰው ትንሽ ይዘገያል። አልትራሳውንድም በድምፅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ችግሩ ብርሃን በጣም ይፈጥናል፤ አንድ ሴኮንድ ለሚሊዮን ሚሊዮን ተከፍላ በአንዷ ቅንጣት 0.3 ሚሊሜትር ይሄዳል። ከሬቲናው ውፍረት በላይ ማለት ነው። ይህንን የሚቆጥር ሰዓት ሐኪም ቤት የለም። ስለዚህ ብርሃኑን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ወደ ዓይን ይሄዳል፣ ሌላው ርቀቱ ወደታወቀ መስታወት። ሲመለሱ ይገናኛሉ። ሁለቱ የተጓዙት መንገድ እኩል የሆነ እንደሆነ ብቻ ሞገዶቻቸው ይጠላለፋሉና፣ ከዚያ በመነሳት የነጠረው ከየትኛው ጥልቀት እንደሆነ ይሰላል። ሰዓት ሳይኖር ጊዜ መለካት በሉት። እኔን ከዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ በጣም የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። በዚህ ዘዴ 10 ማይክሮሜትርና ከዚያም ያነሰ ነገር ይለያል፤ የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር አካባቢ መሆኑን አስቢ። በ1991 ይፋ ያደረገው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ከመካከላቸው ጄምስ ፉጂሞቶ፣ ዴቪድ ሁዋንግና ኤሪክ ስዋንሰን በ2023 ላስከር የተባለውን ትልቅ የሕክምና ሽልማት ወስደዋል።

ስኳር የቆየበት ሰው ዓይን ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያፈሳሉ፣ ንጣፉም መሀሉ ላይ ውኃ ይቋጥራል። ሐኪሙ ማበጡን በቁጥር የሚያየው፣ መርፌ ያስፈልጋል አያስፈልግም፣ የተወጋችውስ ሠርቷል አልሠራም የሚለውን የሚወስነው በዚህ ምስል ነው። ግላኮማም ላይ የነርቩ ንጣፍ እየሳሳ መሆኑን ያሳያል። ሬቲና ደግሞ በማህፀን ውስጥ ከአንጎል ተዘርግቶ የሚወጣ አካል ስለሆነ የነርቭ ሐኪሞችም ዓይናቸውን ጥለውበታል፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ላይ የሬቲና መሳሳት በኦሲቲ ይታያል።

የማያየውን ደግሞ ልንገርሽ። ወፍራም የዓይን ሞራ ካለ ብርሃኑ አያልፍም፣ ምስሉ ይበላሻል። ስኳር ያለበት ሁሉም ኦሲቲ ይነሳ ማለትም አይደለም፤ የግድ የሆነው፣ ባያምም፣ እይታ ባይደበዝዝም፣ በዓመት አንዴ ዓይንን መታየት ነው። ሲጀምር ምንም ስሜት የለውምና። ደግሞ የዓይን ጠንቅ ሁሉ ማሽን አይፈልግም። አገራችንን ስንት ዘመን ያስቸገረው ትራኮማ የሚታየው የዓይን ቆብ ተገልብጦ ነው፣ በጣት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ደሴ ነው ያለሁት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዩቲዩብ ላይ «ሳይንቲስቶች በብርሃን ሐሳብ ማንበብ ጀመሩ» የሚል አየሁ። የምር ነው ወይስ ሙድ እየያዙብን ነው? የአንጎል ሴል ሲሠራ በቀጥታ ይታያል እንዴ?

መልስ፦ ሴል ሲሠራ ይታያል፣ የምር ነው። ሐሳብ ተነበበ የሚለው ግን ሙድ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅሎብሃል፤ አንዱ የእንስሳ ነው፣ አንዱ የሰው።

የእንስሳው የሚጀምረው ባሕር ውስጥ ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ የተባለ ሳይንቲስት ከጄሊፊሽ ውስጥ ሰማያዊ ሲበራበት አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን አገኘ፣ በ1962 አሳተመው። እሱና ማርቲን ቻልፊ፣ ሮጀር ሲየንም በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት። የነርቭ ሴል መልእክት ሲያስተላልፍ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል። ተመራማሪዎች ያንን አረንጓዴ ፕሮቲን አሻሽለው፣ ካልሲየም ሲያገኝ ደምቆ እንዲያበራ አደረጉት። የዚህን መመሪያ የያዘውን ዘረ መል አይጥ ውስጥ ካስገባህ፣ የአይጧ አንጎል ሴሎች በሠሩ ቁጥር ቦግ ይላሉ።

ቦግ ማለታቸው ብቻውን ግን አይበቃም። አንጎል ውስጥ ብርሃን ይበተናል፤ ትንሽ ጠለቅ ካልክ ሁሉም ነገር ጉም ነው። በ1990 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሉት ዊንፍሪድ ዴንክ፣ ጄምስ ስትሪክለርና ዋት ዌብ መላ አመጡ። ሴሉን ለማብራት የሚያስፈልገውን ጉልበት በአንድ ጊዜ ከመላክ ይልቅ ግማሽ ግማሹን በሁለት የኢንፍራሬድ ቅንጣት ይልኩታል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ አፍታ ላይ ካልተገናኙ ምንም አይበራም። የሚገናኙት ደግሞ ብርሃኑ በተሰበሰበባት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የበራው ብርሃን ወደ ውጭ ሲመለስ የፈለገውን ያህል ቢበተን ግድ የለም፤ ከየት እንደመጣ አስቀድሞ ይታወቃል! ነጥቧን እያንቀሳቀስክ ሥዕሉን ትሞላለህ። በዚህ መንገድ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ ማየት ተቻለ። ኋላ ሦስት ቅንጣት የሚያገናኘው ዘዴ መጥቶ ከአንድ ሚሊሜትር አለፉ። አንድ ሚሊሜትር ለሰው ቀልድ ነው፣ ለአይጥ ግን የአንጎሏን ሽፋን ዘልቆ ትዝታ የሚቀረጽበትን ክፍል መንካት ነው።

በ2013 ደግሞ ሚሻ አረንስና ፊሊፕ ኬለር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በጄኔሊያ የምርምር ማዕከል፣ ዜብራፊሽ የምትባል ትንሽ ዓሣ ገና ጫጩት ሳለች ሙሉ አንጎሏን ቀረጹ። ጫጩቷ ብርሃን የምታሳልፍ ናት፤ ወደ 100,000 የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሏት። ከነዚህ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን አንድ በአንድ እየለዩ፣ በየ1.3 ሴኮንዱ አንዴ ሙሉ አንጎሏን አነሷት። እንግዲህ ያንተ አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴል አለው። የራስ ቅልህም እንደ ጫጩቷ ጥርት አድርጎ ብርሃን አያሳልፍም፣ ዘረ መል ይግባብህ የሚልም የለም። እዚህ ላይ የእንስሳው ወሬ ያበቃል።

የሰውየው ሌላ ነው። በ1977 ፍራንስ ዮብሲስ የተባለ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኢንፍራሬድ የራስ ቅልን አልፎ አንጎል ላይ ያለውን ኦክስጅን ሊያሳይ እንደሚችል አሳተመ። ከሐይቁ አባባ ጣት ጋር አንድ ዓይነት ሐሳብ ነው። ዛሬ ብርሃን የሚልኩና የሚቀበሉ ነጥቦች ያሉት ቆብ ራስ ላይ ይጠለቃል፤ በላኪውና በተቀባዩ መካከል 3 ሴንቲሜትር ያህል አለ። የሚያየው የአንጎሉን የላይኛውን ቅርፊት ብቻ ነው። የሚለካውም ሴሉን አይደለም፣ ሴሉ ሲሠራ ወደዚያ የሚጎርፈውን ደም ነው። ደሙ ደግሞ ጥቂት ሴኮንዶች ዘግይቶ ይደርሳል። «ይህ ሰፈር ሥራ በዝቶበታል» ይልሃል እንጂ ምን እያሰብክ እንደሆነ አይነግርህም።

ግን አትናቀው። ዋናው ጥቅሙ ሕፃናት ላይ ነው። የሕፃን ቅል ስስ ነው፣ ጸጉሩም ገና ነው። ኤምአርአይ ውስጥ አትነቃነቅ የማይባል ፍጡር እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይለካል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህንን ቆብ ጋምቢያ ገጠር፣ ኬኔባ ድረስ ወስደው የሕፃናት አንጎል ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ እንዴት እንደሚያድግ ተከታትለዋል። የተመጣጠነ ምግብ እጥረት አንጎል ላይ የሚያደርሰውን ልጁ መናገር ሳይጀምር ማወቅ ከተቻለ፣ ለኛም ቅርብ ነገር ነው። ማነቆ አለው፤ ጥቁርና ወፍራም ጸጉር ብርሃኑን ይበላዋል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ላይ ነጥቦቹ ቆዳ እንዲነኩ ማድረግ ራሱ ትግል ነው። ብዙ ጥናቶችም እንዲህ ያለ ጸጉር ያላቸውን «መረጃው አልጠራም» ብለው ያስወጧቸዋል። እንደገና ያው የመቆንጠጫው ታሪክ። ይህን ትምህርት የምትቀጥልበት ከሆነ እዚህ ላይ ሥራ አለልህ።

ጥያቄ፦ ከወልድያ። ቲክቶክ ላይ አይጥ ቆዳዋ ላይ የምግብ ቀለም ቀብተዋት ሆድ ዕቃዋ ሲታይ አየን። ሱቅ ያለውን ቢጫ ቀለም እጃችን ላይ ብንቀባስ? (ጓደኛዬ ሞክሯል። ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።)

መልስ፦ ጓደኛህን ሰላም በልልኝ። ቪዲዮው ግን የምር ነው፤ በ2024 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ ነው። ታርትራዚን የሚባለውን፣ ቺፕስና ለስላሳ ውስጥ የሚገባውን ቢጫ ቀለም በውኃ አወፍረው ፀጉሯ የተላጨ አይጥ ላይ ቀቡ። በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳዋ አሳልፎ ማሳየት ጀመረ። የአንጀቷ እንቅስቃሴ፣ ራሷ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ታዩ። ሲያጥቧት ወደ ቀድሞዋ ተመለሰች።

ምስጢሩን ረመዳን ላይ አይተኸዋል። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይት ሲነካው ማዶውን ያሳያል አይደል? ወረቀት ነጭ የሆነው ብርሃን ስለሚበትን ነው። በቃጫውና በመሀሉ ባለው አየር መካከል ብርሃን በየእርምጃው ይታጠፋል። ዘይት አየሩን ተክቶ ሲገባ ልዩነቱ ይጠብባል፣ ብርሃኑም ቀጥ ብሎ ያልፋል። ቆዳም እንደዚያው ነው። ብርሃንን የሚያጣምመው በውኃውና በስቡ፣ በፕሮቲኑ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቀለሙ ውኃው ውስጥ ሲሟሟ፣ ውኃው ቀይ ብርሃንን የሚያጥፍበትን መጠን ከፍ አድርጎ ከስቡ ጋር ያቀራርበዋል። የሚያስገርመው፣ ይህን የሚያደርገው ሰማያዊውን አጥብቆ ስለሚመጥ ነው፤ አንዱን ቀለም በጣም የሚመጥ ነገር ለሌላው ቀለም መንገድ ይከፍታል። ማን ይገምታል? ሕጉ ግን በፊዚክስ ከረጅም ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ያልታሰበው ወደ ቆዳ ማምጣቱ ነበር።

አንተ ላይ የማይሠራው የሰው ቆዳ ከአይጥ ቆዳ በአሥር እጥፍ ገደማ ስለሚወፍር ነው። ቀለሙ ዘልቆ አይገባም። መጠኑም ሱቅ ከሚሸጠው በብዙ የበረታ ነው፣ ሰው ላይም አልተፈተነም። ስለዚህ በሳሙና ታጠቡና ተዉት።

ጥያቄ፦ አዘጋጁ፣ ከደሴ ነኝ። ይህ ሁሉ አይጥና ዓሣ ለኛ ምን ይሠራልናል? ራጅ ለመነሳት ወረፋ የምንጠብቅ ሰዎች ነን።

መልስ፦ ቁጣህ ይገባኛል። በጦርነቱ ጊዜ በክልላችን ስንት ጤና ተቋም ባዶውን እንደቀረ የምናውቀው ነው። ግን ሌላ ጎኑን እይልኝ። ኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት፣ የራሱ ክፍልና የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል። የብርሃን መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ አምፖልና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነገር ነው። መቆንጠጫው ጤና ጣቢያ የደረሰው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከቃሉ ቆላ ወባ ይዞህ ብትመጣ ደምህ ቀለም ተቀብቶ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው፤ ብርሃን ማለት ነው። ለሳንባ ነቀርሳም፣ አክታው ላይ የሚያበራ ቀለም ተጨምሮ በኤልኢዲ መብራት በሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ባለሙያው ከድሮው ዘዴ በፈጠነ ጊዜ ይጨርሳል፣ የሚያገኘውም ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 የድሮውን በዚህ ተኩ ብሎ መክሮ ነበር። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ስልክ ላይ በሚገጠም መሣሪያ የዓይን ነርቭ ፎቶ ተነስቶ፣ ጥራቱ ከውዱ የሐኪም ቤት ካሜራ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ነው እኛ ጋ ቶሎ የሚደርሰው። የአይጡ ምርምር ለነገ ነው፤ ያም ያስፈልጋል፤ መቆንጠጫውም አንድ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነበር።

ጥያቄ፦ ከመርሳ። ወንድሜ አንጎሉ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና እየጠበቀ ነው። ዕጢውን የሚያበራ የሚጠጣ መድኃኒት አለ ብለው ነገሩን። እውነት ነው?

መልስ፦ እግዜር ይማርልህ። አለ። ስሙ በአጭሩ «5ኤኤልኤ» ይባላል። ሕመምተኛው ቀዶ ጥገናው ከመጀመሩ ጥቂት ሰዓታት በፊት ይጠጣዋል። አደገኛው የዕጢ ሴል ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠውና ያጠራቅመዋል፤ ሐኪሙ በማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራበት ዕጢው ሮዝና ቀይ ሆኖ ያበራል፣ ጤነኛው አንጎል ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። በተራ ብርሃን ሁለቱን ጠርዙ ላይ መለየት በጣም ከባድ ነው። በ2006 ጀርመን ውስጥ የወጣ ጥናት፣ በዚህ መንገድ ከተሠራላቸው 65 በመቶው የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸው፣ በተራው ብርሃን ከተሠራላቸው ግን 36 በመቶው ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። አሜሪካ በ2017 ፈቅዳዋለች።

ሁለት ነገር ልብ በል። የሚሠራው ግላዮማ ለሚባለው ዕጢ፣ ያውም ለከፋው ዓይነት ነው፤ ዝግ ብሎ የሚያድገው ብዙ ጊዜ አያበራም። መድኃኒቱን የጠጣ ሰውም ለአንድ ሁለት ቀን ከፀሐይና ከደማቅ መብራት መራቅ አለበት፣ ቆዳው ይቃጠላል። የወንድምህ ዕጢ ከየትኛው እንደሆነ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቀው። መድኃኒቱ ከሌለም ቀዶ ጥገናው ይቅር ማለት አይደለም፤ ያለሱ ሲሠራ የኖረ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከባቲ። ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ ጣቴን ካሜራው ላይ ሳደርግ የልብ ምቴንም ኦክስጅኔንም ይነግረኛል። ልመነው?

መልስ፦ የልብ ምቱን፣ አዎ፣ ጣትሽን ሳታነቃንቂ ከያዝሽ ይቀርባል። ደም በመጣና በሄደ ቁጥር ጣትሽ ላይ ያለው ቅላት ይለዋወጣል፣ ካሜራው ያንን ይቆጥራል። ኦክስጅኑን ግን አትመኝው። ለሱ ሁለት የተለዩ ብርሃኖች ያስፈልጋሉ ብለናል። የስልክሽ ፍላሽ ነጭ ነው፣ ካሜራውም ኢንፍራሬድ እንዳይገባው አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያ ተደርጎበታል። አፑ ቁጥር ይሰጥሻል፤ ቁጥር መስጠት ቀላል ነው። ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ አፑን ዝጊና ጤና ጣቢያ ሂጂ።